ሽምደዳና ወረራ

«ሰንጠረዥ» የሚለውን ቃል ዛሬ ማን ዘንድ ታገኙታላችሁ? ሪፖርት ጸሐፊ ዘንድ። «ሰንጠረዥ 3፤ የሩብ ዓመቱ የዕቅድ አፈጻጸም» ተብሎ፣ በመስመርና በዓምድ ተከፍሎ፣ መቶኛ ተጭኖበት ቁጭ ብሏል። ነገሥታት ሲያወጡ ሲያወርዱበት ያመሹበት የነበረው፣ መኳንንቱ ከብበው ይንጫጩበት የነበረው ጨዋታ ሞቶ፣ ስሙ ብቻ ቢሮ ተቀጥሮ ይኖራል። ጨዋታውን የሚፈልግ ልጅ ደግሞ ዛሬ «ሰንጠረዥ» አይልም፤ «ቼዝ» ነው የሚለው።

ይህን ነገር እንዳነሣ ያደረገኝ የአገሬ የዋጃ ልጆች ጥያቄ ነው። ዋጃን ለማታውቋት፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ ሲኬድ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተቀመጠች የራያ ቆላ ከተማ ናት። ማሽላዋንና ፀሐይዋን እንጂ ቼዟን የሚያወራላችሁ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። ግን ልጆቹ ይጫወታሉ። ግማሾቹ በስልክ፣ ግማሾቹ ደግሞ ጠርዙ በተላጠ ሰሌዳ ላይ፣ የጠፋውን ወታደር በቆርኪ ተክተው። ከነሱ አንዱ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ሲሲሊያን ይሻለኛል ወይስ ለንደን?»

«አሁን የምትጫወተው የቱን ነው?»

«ሁሉንም። ሲሲሊያንን እስከ አሥራ ሁለተኛው እርምጃ ሸምድጄዋለሁ።»

«ተጋጣሚህ ሦስተኛው ላይ ሌላ ነገር ቢጫወትብህስ?»

«እሱማ ያበላሽብኛል!»

ተሳሳቅን። ነገር ግን ይቺ «ያበላሽብኛል» የምትለው ቃል ቀላል ቃል አይደለችም። ሊጫወት የመጣው ሰው፣ ያለ እሱ ጨዋታው የማይኖረው ሰው፣ የተሸመደደ ነገር አበላሽ ሆኖ ሲቆጠር አንድ የተዛነፈ ነገር አለ ማለት ነው። ልጁ ደግሞ ሰነፍ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናል። የሚያጠናበት መንገድ ነው ተጋጣሚውን ከሂሳቡ ያስወጣበት።

ቼዝ ለማትጫወቱ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ሁለት ሰዎች በ64 ቤት ላይ ዐሥራ ስድስት ዐሥራ ስድስት ሠራዊት ይዘው ይቀመጣሉ። ውጊያው ከመጋሉ በፊት ያለው፣ ፈረሱን አውጥቶ፣ ወታደሩን ገፍቶ፣ ንጉሡን ከለላ ሥር አስገብቶ ሠራዊትን የማሰለፉ ክፍል «መክፈቻ» ይባላል። መክፈቻዎቹ ስም አላቸው። ኢጣሊያን፣ ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይ፣ ሲሲሊያን፣ ለንደን እየተባለ ይቀጥላል። በየአንዳንዱ ላይ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ቪዲዮውማ ተቆጥሮ አያልቅም። ችግሩ የመንገዱ ብዛት ነው። ነጩም ጥቁሩም ገና ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲንቀሳቀሱ ሊሄዱባቸው የሚችሉት መንገዶች 197,281 ናቸው። ይህን በቃሌ እይዛለሁ ብሎ የተነሣ ሰው የጎሊናን ወንዝ በጣሳ ጨልፌ እጨርሳለሁ ያለውን ሰው ይመስላል።

እንግዲህ ጥያቄው ይኼ ነው። እያደገ ያለ ተጫዋች መክፈቻውን እንዴት ይምረጥ? እንዴትስ ይማር? መልሱን ፍለጋ ብዙ ሰው ወደ ሞስኮና ወደ ኒውዮርክ ያያል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ወደ ሞተው ሰንጠረዣችን እንድናይ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ስለ መክፈቻ በዓለም ላይ የተለየ ነገር ይዞ የነበረው እሱ ነው።

ጨዋታው ከህንድ ተነሥቶ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስም ወደ ዐረብ አገር ሄደ። ዐረቦቹ «ሻትራንጅ» አሉት። እኛ ዘንድ ሲደርስ «ሰንጠረዥ» ሆነ። ከ1500 እስከ 1532 ዓ.ም የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ግሪጎሪዮ ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እቴጌ ጣይቱም በገና የሚደረድሩ፣ ቅኔ የሚያውቁና ሰንጠረዥ የሚጫወቱ እመቤት ነበሩ። ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን ሁሉ ታሪክ አሰባስበው የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ የተመለከተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አውጥተዋል።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ ገብቶ ራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ የጻፈው ነገር ያስቃል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሻካራ ናቸው። የተጋጣሚን ጠጠር ሲበሉ በኃይል መትተው ነው ከቦታው የሚያነሡት። ዙሪያውን የከበበው ሰው ሁሉ፣ አሽከሩ ሳይቀር፣ ምክር ይሰጣል። ምክር መስጠት ብቻ አይደለም፤ እጁን ሰድዶ ጠጠሩን እያነሣ «እዚህ አድርጉት!» ይላል። ይህ ሁሉ ሰው እየተንጫጫ ታዲያ በመጨረሻ የሚያሸንፉት ሁልጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው። የግቢው ሰው ዋና ብልሃት ራሱን ሳያሳውቅ መሸነፍ ነበር ማለት ነው። (የአለቃን ጨዋታ የምታውቁ ሰዎች እዚህ ላይ ፈገግ ማለት ትችላላችሁ።)

ሕጉን በደንብ የጻፈልን ደግሞ ሌላው እንግሊዛዊ ዋልተር ፕላውደን ነው። የየጁው ራስ ዓሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠው በሚገዙበት ዘመን አገራችን ኖሯል። የጁ ማለት ከኛ ከቆቦ ወደ ደቡብ የሚገኘው የወልድያ አገር ነው። ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አካባቢ ከተገደለ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ሰንጠረዡን ቁጭ ብሎ እንደተማረው ሰው ዘርዝሮታል።

ሰሌዳው እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ አይደለም። ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ተሠርቶበት 64 ቤት ይወጣዋል። ንጉሥ አለ። ከጎኑ ንግሥት የለችም፤ «ፈርዝ» የሚባል አማካሪ ነው ያለው፤ እሱም በአንድ ጊዜ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚራመደው። «ፊል» አለ፤ ዝሆን ማለት ነው፤ በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል። ፈረሱ እንደ ዛሬው ፈረስ፣ «ደር»ም እንደ ዛሬው ሩክ ይሄዳሉ። ከፊት የሚሰለፈው እግረኛ «መደቅ» ይባላል። ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም፤ እያንዳንዱ ንጉሥ የሚመለከተው የሌላውን ፈርዝ ነው።

አሸናፊነትም ደረጃ ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥ መያዝ ብዙ አያስመሰግንም፤ ጉልበተኛ ጉልበቱን ቢያሳይ ምን ይገርማል? በፈርዝ ወይም በፊል የያዘ ይመሰገናል። በመደቅ የያዘ ግን «አቤት!» ይባልለታል። በትንሹ ሰው ትልቁን ነገር ሠርቷልና።

አሁን ወደ መክፈቻው ልምጣ። በዛሬው ቼዝ ነጭ ይጀምራል፣ ጥቁር ይከተላል፣ ተራ በተራ ይቀጥላሉ። በኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንደ ፈለጉ፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሦስት ጊዜ ሲሄድ ሌላው አምስት ጊዜ ቢሄድ የሚከለክለው የለም። ይህ የጨዋታው ክፍል «ወረራ» ይባላል። ወረራው የሚያበቃው አንደኛው የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። የመጀመሪያው ደም ከፈሰሰ በኋላ ሁሉም በተራው ይሆናል።

ይህን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ታዲያ ሩጫ ነዋ! እጁ የፈጠነ ያሸንፋል» የሚል ነው። አይደለም። በወረራ ጊዜ ተጫዋቹ ዐይኑን የሚጥለው በራሱ እጅ ላይ ሳይሆን በተጋጣሚው እጅ ላይ ነው። ያኛው ፈረሱን በቀኝ ሲያወጣ ይኼኛው ያየዋል፤ ያዘጋጀውን ትቶ መደቁን ወደዚያ ያስጠጋል። ያኛውም ይህን አይቶ ፈረሱን መልሶ ሌላ ቦታ ያኖራል። ያደረጉትን መልሶ መውሰድ ይፈቀዳል። ማንም «አበላሸህብኝ» አይልም። መቼም ወረራ ማለት መተያየት ነው። ትልቁ ብልሃትም ያለው «አሁን በቃኝ፣ ሠራዊቴ ቆሟል፤ የሱ ገና ነው» ብሎ የመጀመሪያውን ጠጠር የሚበሉበትን ሰዓት ማወቅ ላይ ነው። ቸኩሎ የበላ ሳይሰለፍ ይዋጋል። የዘገየ ይበላል።

ልብ አድርጉ፤ እንዲህ ያለውን መክፈቻ መሸምደድ አይቻልም። ተራ ከሌለ «እሱ እንዲህ ሲል እኔ እንዲህ» የሚል ዝርዝር ሊኖር አይችልም። ሊኖር የሚችለው «ሠራዊቴ በምን ዓይነት አቋም ቢቆም ያምረኛል? እሱስ ወዴት እያዘነበለ ነው?» የሚል ማስተዋል ብቻ ነው።

ይህ ከባዶ የመጣ አይደለም። የሻትራንጁ ዘመን የባግዳድ ሊቃውንትም መክፈቻን የሚያስቡት እንደ እርምጃ ዝርዝር ሳይሆን እንደ ሠራዊት አሰላለፍ ነበር። ስሙንም «ታቢያ» ይሉታል። ከኛው ጣቢያ ጋር እንዳታምታቱት፤ የጦር አሰላለፍ ማለት ነው። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት የኖሩት አል-አድሊና አስ-ሱሊ የሚባሉት ጠበብት እነዚህን አሰላለፎች ስም እየሰጡ አጥንተዋቸዋል። አስ-ሱሊ የቤተ መንግሥቱን ተወዳጅ ተጫዋች አል-ማዋርዲን በኸሊፋው ፊት አሸንፎታል፤ ኸሊፋው ግን ሲያበረታቱ የነበሩት ተሸናፊውን ነበር። (ራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ቢሆን ኖሮ ይህ ድፍረት ምን ያስከትል እንደነበር አንባቢ ይገምት።) እስከ ዛሬ ድረስ የቼዝ ሰዎች ከመክፈቻ በኋላ የሚገኘውን የታወቀ አቋም «ታቢያ» ነው የሚሉት።

ታዲያ ሽምደዳው ከየት መጣ? ከአውሮፓ፤ እሱም በምክንያት። እ.ኤ.አ. በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ እስፔን አካባቢ ሕጉ ተለወጠ። አንድ ቤት ብቻ ይራመድ የነበረው ፈርዝ ወንበሩን ለቀቀና ቦታውን ከዳር እስከ ዳር የምትበር ንግሥት ያዘችው። ሁለት ቤት ይዘል የነበረው ፊልም የማዕዘኑን መስመር ሁሉ የሚጠርግ ቢሾፕ ሆነ። እንግዲህ ጨዋታው በአንድ ትውልድ ውስጥ ከእግረኛ ወደ መኪና ዘመን ተሸጋገረ። ድሮ ሁለቱ ሠራዊቶች እስኪገናኙ ብዙ ጊዜ ነበር። አሁን ግን በአራተኛው እርምጃ ንጉሥ ሊያዝ ይችላል። አንዲት የተሳሳተች እርምጃ ጨዋታውን ስለምትጨርሰው ሰዎች አደገኛውን መንገድ መመዝገብ ጀመሩ። እስፔናዊው ቄስ ሩይ ሎፔዝ እ.ኤ.አ. በ1561 መጽሐፉን አወጣ፤ «ስፓኒሽ» የሚባለው መክፈቻ ዛሬም በሱ ስም ይጠራል። በነገራችን ላይ የዚያ ዘመን መምህራን ተጋጣሚን ብርሃን ዐይኑ ላይ እንዲወጋው አድርጎ ማስቀመጥ ጥሩ ነው ብለው ይመክሩ ነበር። እንዲህ ያለው ምክር በዋጃ ፀሐይ ከተሞከረ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ወንጀል ይሆናል።

ምዝገባው ጠቀመ። እውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ። ግን መዝገቡ እየወፈረ ሲሄድ ተጫዋቹን ዋጠው። ይህን ከማንም በላይ አምርሮ የተናገረው አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ነው። እሱ ራሱ መክፈቻን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ሬይኪያቪክ ላይ ከቦሪስ ስፓስኪ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገጥም፣ ዕድሜውን ሙሉ የንጉሡን ወታደር በመግፋት የሚታወቀው ሰው በስድስተኛው ጨዋታ ድንገት ሌላ መንገድ ከፈተ። ስፓስኪ ራሱ ደጋግሞ የተጫወተበት አቋም ውስጥ አስገብቶ አሸነፈው። ስፓስኪም ተነሥቶ ከታዳሚው ጋር አጨበጨበለት። ይኸው ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1996 ቦነስ አይረስ ላይ «ሽምደዳው ጨዋታውን ገደለው» የሚል ቅሬታ ይዞ አዲስ የቼዝ ዓይነት አስተዋወቀ። የኋለኛው ረድፍ ጠጠሮች ቦታ በዕጣ ይደለደላል፤ 960 ዓይነት አጀማመር ይኖራል፤ የተሸመደደው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምረው ማሰብ ግድ ይሆንባቸዋል። ዛሬ ታላላቆቹ ተጫዋቾች በዚህ ጨዋታ ውድድር ያደርጋሉ።

እንግዲህ ተመልከቱ። ፊሸር በዕጣ ሊያመጣው የፈለገውን ነገር የኛ ሰዎች በወረራ አግኝተውት ኖረዋል። ሽምደዳ የማይገባበት፣ ተጋጣሚን ማየት ግዴታ የሆነበት መክፈቻ ነበራቸው። የሚያሳዝነው ግን ፊሸር ፈጠራውን ይዞ ሲመጣ ወረራን የሚያውቅ ሰው አልቆ ነበር። የመኳንንቱ ቤት ጨዋታ ነበርና፣ በ1928 ዓ.ም የጣሊያን ጦር መጥቶ መኳንንቱን ሲበትን ሰንጠረዡም አብሮ ተበተነ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም ማይጨው ላይ የሆነውን የኛ አካባቢ ሰው ነጋሪ አያሻውም። መክፈቻው «ወረራ» የሚባለውን ጨዋታ እውነተኛው ወረራ ጨረሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸፍን ልናገር። ሰንጠረዥ የሁላችን ነበር ብለን ብንፎክር ልክ አይሆንም። የራያ ገበሬ የነበረው ገበጣ ነው፤ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ የሚጫወተው። የዝሆን ጥርሱና ቀዩ ጨርቅ የግቢ ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ዋጃ ላይ በስልኩ የሚጫወተው ልጅ ለቅድመ አያቱ ያልደረሰ ጨዋታ ነው የደረሰው። ግቢ ውስጥ የነበረ ነገር ከግቢ ሳይወርድ ጠፋ፤ ዓለምን ዞሮ በስልክ ተመልሶ መጣ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ እንዲህ ዞሮ የመጣን ጨዋታ በሽምደዳ ብቻ ከተቀበልነው ያሳዝናል።

«ስለዚህ መክፈቻ አንማር?» የምትሉኝ አትጠፉም። ተማሩ እንጂ! የዛሬዋ ንግሥት እንደ ፈርዝ አዝጋሚ አይደለችም፤ ያላጠና ሰው በቶሎ ይበላል። ጥያቄው እንዴት እንማር ነው። ለዚህም ሌላ የአገራችንን ትምህርት ቤት ልጥራ። ከኛ ወደ ምዕራብ፣ ደጋው ላይ ዋድላ አለ። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ የቅኔ ሦስቱ አዝማዶች ናቸው። የቅኔ ተማሪ ቃል ይይዛል፤ ግሱን፣ አገባቡን ሌት ተቀን ያጠናል። ግን የያዘው ቃል ግቡ አይደለም፤ መሣሪያው ነው። በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። የራሱን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙታል። እያደር ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ያድጋል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ፣ የሌላውንም እንደ ራሱ አድርጎ መንገር ነውር ነው። በየቀኑ አዲስ ነገር ይጠበቅበታል። እንግዲህ ቃል መያዝ ሌላ፣ መሸምደድ ሌላ ነው። ልዩነቱ ከያዙት በኋላ በሚያደርጉት ላይ ነው።

ለዋጃው ልጅ የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም ልንገራችሁ። በጉባኤ ቃና ጀምር አልኩት። ለነጭ አንድ መክፈቻ ያዝ። ለጥቁር ሁለት ይበቃሃል፤ አንዱ የንጉሡን ወታደር ለሚገፋ፣ ሌላው የንግሥቲቱን ወታደር ለሚገፋ። ከዚያ በላይ አሁን አያስፈልግህም። ሲሲሊያንን እስከ አሥራ ሁለተኛው ይዞ በሦስተኛው መደናገር «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» መሆን ነው።

ለነጭ ኢጣሊያንን ብትይዝ እወድልሃለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ እርምጃው «ለምን?» ብትለው መልስ አለው። ወታደሩ መሐሉን ለመያዝ ይሄዳል። ፈረሱ ያንን መሐል ሊያጠቃ ይወጣል። ቢሾፑ ከጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ ያለችውን፣ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌላትን ደካማ ቤት ያነጣጥራል። ከዚያ ንጉሥህን በካስሊንግ ወደ ጥግ ታስገባለህ። ይህን ያወቀ ልጅ ተጋጣሚው ከመጽሐፉ ቢወጣበት አይደነግጥም፤ «ይኼ እርምጃ መሐሉን ትቶታል ማለት ነው» ብሎ ያስባል።

ለንደንን ለምን አልመረጥክልኝም አለኝ። ለንደን የአሰላለፍ መክፈቻ ነው፤ ተጋጣሚ ምንም ቢያደርግ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት አቋም ይሠራል። ታቢያን ይመስላል። መጥፎ አይደለም። አደጋው ግን የተጋጣሚን እጅ ማየት ያስተዋል። ወረራ ያለ መተያየት ማለት ነው። ዐይንህን ተጋጣሚህ ላይ ከለመድክ በኋላ ብትይዘው ይሻልሃል።

ሁለተኛ፣ ከተሸነፍክ በኋላ ሰሌዳውን ቶሎ አትጠቅልለው። ከምታውቀው መንገድ የወጣኸው በስንተኛው እርምጃ እንደሆነ ፈልግ። እዚያች ላይ ብቻ መጽሐፉ ወይም ስልኩ ምን እንደሚል ተመልከት፤ «ለምን?» ብለህ ጠይቅና አንድ መስመር ጻፍ። በሳምንት አምስት ጨዋታ ብትጫወት አምስት መስመር ነው። በዓመት ውስጥ የራስህ መጽሐፍ ይኖርሃል፤ ካንተው ሽንፈት የተቀመረ መጽሐፍ ደግሞ አይረሳም። መደቡ ላይ የከበበው ሕዝብ ሁሉ እጁን እየሰደደ ጠጠር ሲያነሣልህ መዋልም ይቅርብህ። ድሮ አሽከሮች ያደርጉት የነበረውን ዛሬ ኮምፒውተሩ ያደርገዋል። መጀመሪያ አንተ አስብ፤ ከዚያ ጠይቀው።

ሦስተኛ፣ የመክፈቻውን አሥር እርምጃ ብቻ አትይ። በዚያ መክፈቻ የተጀመረን የታላላቆችን ጨዋታ እስከ መጨረሻው ተመልከት። ፈረንሳዊው ፊሊዶር እ.ኤ.አ. በ1749 ባወጣው መጽሐፉ ያስተማረው የጨዋታው ሕይወት ወታደሮቹ ላይ መሆኑን ነው። በመደቅ የያዘን ተጫዋች ከሁሉ አብልጠው ያመሰግኑ የነበሩ የኛ ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም ነበር። የወታደሮቹ አሰላለፍ ወደ ፊት የት እንደምትዋጋ ይነግርሃል፤ የመክፈቻው ትርጉምም የሚገባህ ፍጻሜውን ስታይ ነው።

የታላላቆቹም ልማድ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ ቭላዲሚር ክራምኒክ ጋሪ ካስፓሮቭን ሲገጥም፣ ካስፓሮቭ በመክፈቻ ዝግጅት በዓለም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ክራምኒክ በዝግጅት ብዛት ሊበልጠው አልሞከረም። ሰውየውን አጠና። ካስፓሮቭ የሚወደው ንግሥት ያለችበትን የጋለ ውጊያ መሆኑን አይቶ፣ ንግሥቶቹ ቶሎ የሚለዋወጡበትን «በርሊን» የተባለ አሮጌ መከላከያ ይዞ መጣ። ካስፓሮቭ በ15 ጨዋታዎች አንድም ሳያሸንፍ ዘውዱን አስረከበ። ክራምኒክ ሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን ሰሌዳው ማዶ የተቀመጠውን ሰው ስላየ ነው ያሸነፈው።

የራያ ገበሬ ይህን ነገር ያለ ቼዝ ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ቦዩን ጎርፉ ሳይመጣ ነው የሚቆፍረው፤ ያ ዝግጅቱ ነው። ጎርፉ ሲመጣ ግን «ያጠናሁት በዚህ ነበር» ብሎ ከውሃ ጋር አይከራከርም። አካፋውን ይዞ ይሮጣል፤ አንዱን ይደፍናል፣ አንዱን ይከፍታል። ጎርፉ አበላሸብኝ ብሎ የተቀመጠ ገበሬ ማሽላ አይበላም።

እኛ ግን ከቼዙ ውጭም ይቺ «ያበላሽብኛል» በዝታብናለች። ተማሪው የሸመደደው ጥያቄ በሌላ አነጋገር ሲመጣበት ፈተናው ተበላሸ ይላል። ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ ጽፎ የመጣውን አንብቦ ይቀመጣል፤ ቀድሞ የተናገረው ሰው ምን እንዳለ የሰማ ያለ አይመስልም። የተለየ ሐሳብ ያነሣውም ሰው ጉባኤ አበላሽ ይባላል። ባልና ሚስት ሳይቀሩ የሚከራከሩት በየሆዳቸው ከሸመደዱት ጋር እንጂ ፊት ለፊታቸው ካለው ሰው ጋር አይደለም። ሌላው ሰው የሚያደርገው ነገር ብልሽት ሳይሆን ጨዋታው ራሱ መሆኑን የሚያስተምረን አንድ ልማድ ነበረን፤ እሱንም አጣነው።

መመለስ ግን ይቻላል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የቼዝ ክበብ ያላችሁ ትምህርት ቤቶች፣ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን ወረራ አጫውቷቸው። የዛሬዋ ንግሥት ስለምትበር አንድ ነገር ተስማሙ፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ንግሥቲቱ እንደ ፈርዝ አንድ ቤት፣ ቢሾፑም እንደ ፊል ሁለት ቤት በማዕዘን ይሂድ። ተራ አይኑር። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ይንጫጫሉ፤ እጃቸው ይጋጫል። ቆይተው ግን ዝም ይላሉ፤ ዐይናቸውም ቀስ ብሎ ከራሳቸው ጠጠር ላይ ተነሥቶ ወደ ማዶው እጅ ይሄዳል። መክፈቻ መማር የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። የጠፋ ጠጠር ካለ ቆርኪ ይተካዋል፤ የጠፋ ዐይን ግን ተተኪ የለውም።